ሳይባረሩ መድረስ፦ የለጋሽ ገንዘብ ቤት አልባነትን የሚቀንስበት መንገድ

የተማሪዎቼ ጥያቄ

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ባለጸጎች ለቤት አልባ ሰዎች ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ሰጡ ይባላል፤ ታዲያ ለምን ቤት ሠርተውላቸው ነገሩ አያልቅም?» ጥያቄው ቅን ስለሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልመልሰውም። አንድ እውነተኛ ቦታ ይዤ ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እከተላለሁ። ዛሬም እንዲሁ አደርጋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመረጥሁት ቦታ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳንታ ክላራ ካውንቲ ነው። ትልቁ ከተማው ሳን ሆዜ ነው፤ ዓለም አካባቢውን ሲሊከን ቫሊ ይለዋል። አፕልና ጉግል ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ይኖሩበታል። ከመካከላቸው ዘመድ ያለው ሰው፣ ስልክ በተደዋወለ ቁጥር የኪራይ ነገር ሳይነሣ እንደማይቀር ያውቃል። በዚህ ሀብታም ከተማ መካከል፣ ኮዮቲ ክሪክ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ «ዘ ጀንግል» የሚሉት ሰፊ የድንኳንና የላስቲክ ሰፈር ነበረ። ከተማው በዲሴምበር 2014 ሲያፈርሰው 300 ያህል ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ሰፈሩ ጠፋ፤ ሰዎቹ ግን ወደ ሌላ ወንዝ ዳርና ድልድይ ሥር ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በካውንቲው የተቆጠሩት ቤት አልባ ሰዎች 10,000 ያህል ደረሱ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

በአሜሪካ አንድ ባለሀብት ፋውንዴሽን ሲያቋቁም የሰጠው ገንዘብ ግብር ከሚጣልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል። በምላሹ ሕጉ ግዴታ ይጥልበታል። ከ1969 የግብር ሕግ የተነሣው ሥርዓት፣ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህል ለበጎ አድራጎት እንዲያወጣ ያስገድዳል። የቀረው ሀብት በአክሲዮንና በቦንድ ተቀምጦ ይወልዳል። ስለዚህ «እገሌ ቢሊዮን ዶላር ያለው ፋውንዴሽን አለው» ሲባል፣ በዓመት የሚወጣው የዚያ ጥቂት ፍሬ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ምንጭ ኩባንያዎች በቀጥታ የሚሰጡት ነው። ሲስኮ በ2018 ዴስቲኔሽን ሆም ለሚባለው የአካባቢው ድርጅት በ5 ዓመት የሚከፈል 50 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። በ2019 አፕልም ለዚያው ድርጅት 50 ሚሊዮን መደበ። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በ2018 ባቋቋመው 2 ቢሊዮን ዶላር ፈንድ በኩል፣ በየዓመቱ ልጆች ያሏቸውን ቤት አልባ ቤተሰቦች ለሚረዱ ድርጅቶች ልገሳ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት 24 ድርጅቶች 97.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፋፈሉ።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ እንመለስ። በዚያ አካባቢ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሆን አንድ አፓርታማ ለመገንባት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይወጣል። 50 ሚሊዮኑ በሙሉ ለግንባታ ቢውል 100 ቤት እንኳ አይሞላም። የካውንቲው ሕዝብ በ2016 ድምፅ ሰጥቶ ካውንቲው ለቤት ግንባታ እንዲበደር የፈቀደው ገንዘብ 950 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቤት የሚሠራው እንዲህ ያለው የሕዝብ ገንዘብ ነው። የለጋሽ ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው የመንግሥት ገንዘብ ሊደርስ የማይችልበት ሰዓትና ቦታ ላይ ሲገኝ ነው። ቦታ ከገበያ ሳይወጣ ቀብድ መክፈል፣ መሐንዲሱን ማሠራት፣ ማንም ያልሞከረውን ነገር መሞከር፣ ጥናት ማስጠናት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ከቤቱ ሳይባረር መድረስ።

ከቤት ወደ ጎዳና ያለው መንገድ

ጎዳና ላይ የምናየው ሰው ከቤቱ በቀጥታ ጎዳና ላይ የወደቀ ይመስለናል። መንገዱ ግን ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። አንዲት እናት በሆቴል ጽዳት ትሠራለች እንበል። ልጇ ይታመምና አንድ ሳምንት ትቀራለች፤ በዚያው ወር መኪናዋ ይበላሻል። ከገቢዋ ግማሹ ለኪራይ የሚሄድ ሰው ለእንዲህ ያለ ወር የሚሆን ጥሪት የለውም። የአንድ ወር ኪራይ ይወዘፋል። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ እቃ ጭኖ መውጣት ይመጣል። በመጀመሪያ እኅቷ ዘንድ ሳሎን ላይ ትጠጋለች። ሁለት ቤተሰብ በአንድ መኝታ ቤት ሲኖር አከራዩ ያጉረመርማል፤ እኅትማማቾቹም ይቀያየማሉ። ቀጥሎ መኪናዋ ውስጥ ታድራለች። መጠለያ በር ላይ ስትደርስ ከመጀመሪያው ውዝፍ ስድስት ወር አልፏል። አሁን እሷን ወደ ቤት ለመመለስ ዲፖዚት፣ አዲስ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ የተባረረ ተከራይ የሚል ታሪኳን የሚታገሥ አከራይ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በፊት የጎደላት አንድ ወር ኪራይ ብቻ ነበር።

ሳንታ ክላራ ውስጥ ሠራተኞቹን ያስጨነቃቸው ይህ ነው። ሰዎችን ከጎዳና ወደ ቤት እያስገቡ ቁጥሩ አልቀነሰም። አንድ ቤተሰብ ቤት ባገኘ ጊዜ ሁሉ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ያጣ ነበር። በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር ውኃ በባልዲ እንደመቅዳት ነበር ሥራው። በ2017 ዴስቲኔሽን ሆምና አጋሮቹ ሰዎች ቤት እንዳያጡ የሚከላከል ሥርዓት ዘረጉ።

ሦስት ቀን

በካሊፎርኒያ ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ አከራዩ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የ3 ቀን ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም። በሦስት ቀን ውስጥ ወይ መክፈል ወይ መልቀቅ ነው፤ ካልሆነ አከራዩ ክስ መመሥረት ይችላል። ይህን ሦስት ቀን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ፤ የልገሳ ገንዘብ ሥርዓት ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የመንግሥት በጀት ብዙ ጊዜ ከነሰነዱ ይመጣል። የገቢ ማረጋገጫ፣ የነዋሪነት ማስረጃ፣ «ይህ በጀት ልጅ ላላቸው ብቻ»፣ «ይህኛው ለቀድሞ ወታደር ብቻ»። የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው በር ላይ የተለጠፈበት ሰው ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ቅጽ አያድነውም። ለጋሹ «ለምን እንደዋለ ንገሩኝ፤ አወጣጡን ግን እናንተ ታውቁታላችሁ» ብሎ የሰጠው ገንዘብ ቀዳዳውን ይሞላል። የሳንታ ክላራው ሥርዓት በየሰፈሩ ያሉ ድርጅቶችን አንድ አሠራር እንዲከተሉ አደረጋቸው። ሰው በሚቀርበው በር ይገባል፣ ውዝፍ ኪራዩ በቀጥታ ለአከራዩ ይከፈላል፤ የሕግ ምክር ካስፈለገም ከጠበቃ ጋር ይገናኛል። ለአንድ ቤተሰብ የወጣው ገንዘብ በኋላ በተጠናበት ጊዜ በአማካይ ወደ 2,000 ዶላር ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። እድር ሐዘን በደረሰበት ቤት ድንኳኑን የሚተክለው በዚያው ቀን ነው። ማን እንደሞተ ሠፈሩ ያውቃል፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ተዋጥቷል፣ ሕጉ አጭር ነው። ፈጥኖ የመድረስ ምስጢር ገንዘቡ ከችግሩ በፊት መቀመጡና የሚያውቅህ ሰው ቅርብ መኖሩ ነው።

ዕጣ

ሐሳቡ ጥሩ መስሎ መታየቱ ግን አይበቃም። ኪራይ የተከፈለለት ሰው ባይከፈልለትስ በእርግጥ ጎዳና ይወጣ ነበር? ከዘመዱ ተበድሮ ይወጣው ይሆን? ይህን ለማወቅ በኢንዲያና የሚገኘው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳንታ ክላራ ውስጥ በዕጣ ላይ የተመሠረተ ጥናት አካሄዱ። ለእርዳታው ብቁ የሆኑት ሰዎች ካለው ገንዘብ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ በዕጣ ለአንዳንዶቹ ገንዘቡ ቀረበላቸው፣ ለሌሎቹ አልቀረበም፤ ከሌላ ቦታ እርዳታ መጠየቅ ግን አልተከለከሉም።

እዚህ ላይ ክፍሉ ሁሌ ይረበሻል። «በሰው ችግር ላይ ዕጣ ይጣላል እንዴ?» ይሉኛል፤ ቁጣቸውን እወደዋለሁ። መልሴ ይህ ነው። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ አንድ ሰው መቅረቱ አይቀርም። ያኔ የሚመርጠው ወይ ቀድሞ የመጣ ነው፣ ወይ ሠራተኛውን የሚያውቅ፣ ወይ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ አገር ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ዕጣው በትክክል እስከወጣ ድረስ ማንም በማንም አይመረጥም። ያልደረሳቸውን ሰዎች ሁኔታ መከታተል ደግሞ ለሚቀጥሉት ሺህ ቤተሰቦች የሚሆን እውቀት ይሰጣል።

ውጤቱ በ2023 ታተመ። ገንዘቡ የቀረበላቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ቤት አልባ የመሆን ዕድላቸው ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በ81 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱም ልዩነቱ 73 በመቶ ነበር።

ከዚያ ቀደም በ2016 የታተመ የቺካጎ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በቺካጎ ኪራይ የጎደለው ሰው ለአንድ የስልክ ማዕከል ይደውላል። የማዕከሉ ገንዘብ አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን ያልቃል፤ ደዋዩ የትኛው ቀን እንደሆነ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ገንዘብ ባለበት ቀን የደወለውንና ባለቀበት ቀን የደወለውን አነጻጸሩ። የመጀመሪያው በስድስት ወር ውስጥ መጠለያ የመግባት ዕድሉ በ76 በመቶ ያነሰ ነበር። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት የደወሉበት ቀን ብቻ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ከመቶ አራት

81 በመቶ የሚለው ቁጥር በጋዜጣ ርዕስ ላይ ያምራል። ጥሩ ተማሪ ግን «ከስንቱ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳንታ ክላራ ውስጥ ገንዘቡ ካልቀረበላቸው ሰዎች መካከል በስድስት ወር ውስጥ ቤት አልባ ሆነው በመዝገብ የተገኙት ከመቶ 4 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ 96ቱ፣ ገንዘቡ ሳይደርሳቸውም፣ መዝገቡ ላይ አልታዩም። ስለዚህ ለመቶ ቤተሰብ 2,000 ዶላር ብንከፍል 200,000 ዶላር ይወጣል፤ ከጎዳና የሚተርፉት ግን ሦስት ያህል ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ከ60,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። የቺካጎው ጥናት ግምት 10,300 ዶላር ያህል ነው።

ቁጥሩ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ አንዳንዱም «እንግዲያውስ ገንዘቡ ባከነ» ይላል። እኔ አልስማማም። መዝገቡ የሚያውቀው መጠለያ የገባውን ወይም ለቤት አልባ የተዘጋጀ አገልግሎት የጠየቀውን ነው። እኅቷ ሳሎን ላይ የተኛችው እናት እዚያ ውስጥ የለችም። የሕፃን ወተት ቀንሶ፣ መድኃኒቱን ትቶ፣ ከአራጣ አበዳሪ ወስዶ ኪራዩን የከፈለም የለም። 96ቱ ጎዳና አለመውጣታቸው ደህና ነበሩ ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ለተቀባዩም ለአካባቢውም የሚገኘውን ጥቅም ደምረው፣ ከተጣራው ወጪ እያንዳንዱ ዶላር 2.47 ዶላር ጥቅም እንደተገኘ ገምተዋል።

ሆኖም አራቱን ከ96ቱ የመለየት ችግር በዚህ አይፈታም፤ ይህ የሙያችን ከባድ ጥያቄ ነው። ገንዘብ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ «ታማኝ ተከራይ» ይወዳሉ፤ ሥራ ያለው፣ በሚቀጥለው ወር በራሱ መክፈል የሚችል። እንዲህ ያለ ሰው ከመቶ አራቱ ውስጥ የመሆኑ ነገር አጠራጣሪ ነው። በሳንታ ክላራ ገንዘቡ የበለጠ የጠቀመው ከዚህ በፊት ቤት አጥተው የሚያውቁትንና ልጅ የሌላቸውን ነው። የቺካጎው ጥናትም ገቢያቸው ዝቅ ያለውን ብንመርጥ ወጪው በጣም እንደሚቀንስ ተናግሯል። ታሪካቸው ለፎቶግራፍ የማያምር፣ «ይሄ እንኳ አይቃናም» የሚባሉት ናቸው ገንዘቡ በእርግጥ የሚያተርፋቸው። ይህ ልብን ማሠልጠን ይጠይቃል፤ የእኔም ልብ ልጅ ወዳላቸው ቀድሞ ይሄዳል።

ጎዳና ላይ ለከረሙት

መከላከል የሚረዳው ገና ያልወጣውን ነው። ለዓመታት ጎዳና ላይ ለኖረ፣ ሕመምና ሱስ ለተደራረበበት ሰው የ2,000 ዶላር ቼክ ምንም አይሠራለትም። እሱ የሚያስፈልገው ቤትና ቤቱ ድረስ የሚመጣ ሐኪም ነው። ሳም ቴምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ የጀመረው አሠራር ይህን ይላል። መጠጥ እስኪተው፣ መድኃኒት እስኪጀምር ሳትጠብቅ በመጀመሪያ ቁልፍ ስጠው፤ ሌላው ይከተላል።

ሳንታ ክላራ ውስጥ በ2015 የታተመ ጥናት፣ ካውንቲው ለቤት አልባ ነዋሪዎች በሆስፒታል፣ በእስር ቤትና በማኅበራዊ አገልግሎት በዓመት 520 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ እንደነበር አሳየ። ከወጪው ግማሽ ያህሉ የዋለው ለጥቂቶች፣ 5 በመቶ ለሚሆኑት ሰዎች ነው። በዚያው ዓመት ካውንቲው ፋውንዴሽኖችንና አበዳሪዎችን ሰብስቦ አንድ ውል ገባ። ገንዘቡን በመጀመሪያ እነሱ ያወጣሉ፤ ሰዎቹ ቤት ገብተው ከቆዩ ካውንቲው ይከፍላቸዋል፤ ካልቆዩ ኪሳራው የእነሱ ነው። መንግሥት ያልተፈተነ ነገር ላይ የሕዝብ ገንዘብ ሳይጥል እንዲሞክር የሚያስችል ብልሃት ነው። እዚህም በዕጣ ተለይተው ከተካተቱት መካከል 86 በመቶው ቤት ገቡ፤ ካልተካተቱት 36 በመቶው። ወደ ሥነ አእምሮ ድንገተኛ ክፍል መመላለስ ቀነሰ፤ የእስር ቀናት ግን እንደታሰበው አልቀነሱም። ይህን የማነሣው «ቤት ብንሰጥ ራሱን ይከፍላል» የሚለው ተስፋ ሁሌ እውን እንደማይሆን ለማሳየት ነው። ሰውየው ግን አልጋው ላይ ተኝቶ አደረ።

በአገራችን አዲስ አበባ ውስጥ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚያነሣቸው ሰዎች እንዲህ ያሉት ናቸው። እዚያ ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው የተራው ሰው መዋጮ ነው፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው።

የሶሻል ወርከሩ ደመወዝ

ለጋሾች ብዙ ጊዜ «ገንዘቤ በሙሉ ለድኻው ይድረስ» ይላሉ። የቸር ሰው ምኞት ነው፤ ሥራውን ግን ይጎዳል። በሦስት ቀን ውስጥ ከአከራዩ ጋር ስልክ የሚነጋገር፣ የሚያለቅስ ሰው ፊት ተቀምጦ የኪራይ ውሉን የሚያነብ ሶሻል ወርከር ከሌለ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ለአስተዳደር ወጪ 30 በመቶ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ትራንስፖርትና ሥልጠና ጭምር «አስተዳደር» እየተባሉ ስንት ጥሩ ፕሮጀክት እንደተሰናከለ በሙያው የቆየ ሰው ይነግራችኋል። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ፣ «የአስተዳደር ወጪ» የሚለውን ትርጉም ግን አጠበበው። ፕሮፖዛል የምትጽፉ ተማሪዎቼ የሠራተኛውን ደመወዝ ከሥራው ጋር አያይዛችሁ ጻፉ፤ አትደብቁት፣ አታሳንሱትም። ቤዞስ የሰጣቸው ልገሳዎች ካላቸው መልካም ጎን አንዱ ድርጅቱ ገንዘቡን ለሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ለደመወዝም ጭምር፣ እንዲያውለው መፍቀዳቸው ነው።

ለጋሹ ሲሄድ

ልገሳ ቀን አለው። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት፤ ከዚያ ለጋሹ ወደ ሌላ ጉዳይ ይዞራል። ሥራው በዚያው እንዳይቆም አንድ ሰው ሸክሙን መረከብ አለበት፤ በቤት ጉዳይ ያ ሰው መንግሥት ነው። በማርች 2020 የሳን ሆዜ ሕዝብ ውድ ቤትና ሕንፃ ሲሸጥ የሚከፈል ግብር በድምፁ አጸደቀ። የከተማው ምክር ቤት ከገቢው 10 በመቶውን ቤት አልባነትን ለመከላከል መደበው። በለጋሽ ገንዘብ የተሞከረው ነገር እንዲህ ወደ ሕዝብ በጀት ተሻገረ።

ከዚያ ወዲህ ግን የከተማው መሪዎች በየበጀት ዓመቱ በዚሁ ግብር ላይ ሲከራከሩ ቆይተዋል። አንዱ ወገን ገንዘቡ ወደ ፈጣን ጊዜያዊ መጠለያ ይዙር ሲል፣ ሌላው ለቋሚ ቤትና ለመከላከል ይቆይ ይል ነበር። መጠለያ የሚጠይቁት ድንኳኑን ማሳየት ይችላሉ፤ ነዋሪው በየቀኑ ወደ ሥራ ሲሄድ ያየዋል። ኪራይዋ የተከፈለላት እናት ግን ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሆቴሉ ትገባለች። በምክር ቤቱ አዳራሽ ስለ እሷ የሚናገር ሰው ቢኖር፣ ሊያሳይ የሚችለው ያ ሦስት ቀን የተጻፈበትን፣ ከበሯ ላይ የተነሣውን ወረቀት ብቻ ነው።